ዋናውን ዳሃቦ፣ ወለዱን ባሌ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዳሃቦ
ጅግጅጋ

ጤና ይስጥልኝ። የምሥራች እባላለሁ፤ የትራንዚተሩ የበዛብህ ባለቤት ነኝ። ሰኞ ዕለት ወደ ስልኩ «ገባ ወይ?» ብለው የላኩትን መልእክት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ገላውን እየታጠበ ነበር። የሰው መልእክት ማንበብ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። የባል ስልክ ግን የሰው ስልክ አይደለምና ይቅርታ አልጠይቅዎም።

መልሱን እኔ ልስጥዎ። አልገባም። እስከ ዛሬ የከፈሉት ሁሉ አልገባም ነው ባንኩ የሚለው። አበዳሪውን ደቻቱ ባንክን አንድ ትልቅ ባንክ ከዋጠው ወዲህ በዛብህን ሁለት ጊዜ ጠርተውታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የወሰደው የግል ብድር ዋናው ገንዘብ አልተነካም፣ ቅጣቱም ተደምሯል፣ ካልተከፈለ ከፋሲካ በኋላ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ብለውታል። ቤቱ አማቼ ከምድር ባቡር ደመወዛቸው እየቆጠቡ የሠሩት፣ እኔም ሁለት ልጆች የወለድኩበት ቤት ነው።

ብድር መኖሩን አውቅ ነበር፤ ቤቱ መያዣ ሲሆን ፈርሜያለሁ። ለጣሪያው ጥገና ነው ብሎኝ ነበር። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ድሬ ዝናብ ስለማይበዛባት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ዝናቡን ተማምኖ ኖረ። የእርስዎን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ግን ያዝኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣውን እንዳገለደመ፣ «ብድሩ የዳሃቦ ነው፤ ዋናውን እሷ ትከፍላለች፣ ወለዱን እኔ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አፉን እንደ ቆርቆሮ ዘጋ።

ስልክ ቁጥርዎ አለኝ። አልደውልም። ታይዋን ገበያ ሱቅ በነበረዎት ጊዜ ከእርስዎ መጋረጃ ገዝቻለሁና ድምፅዎን አውቀዋለሁ። ያምራል። ደግሜ መስማት አልፈልግም። ያን ቀን ተከራክሬ ተከራክሬ፣ የሰው ዋጋ የማይሰሙት ሴትዮ በአንድ ጊዜ ዝቅ አሉልኝ። ለጎረቤቴ ለተሻለች «ዳሃቦን የመሰለች ነጋዴ አንበረከክኳት» ብዬ ጉራ ነዛሁባት። ለካስ የበዛብህ ሚስት ስለሆንኩ ኖሯል! ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን አወረድኩት። አሁን ፀሐዩ ሳሎን ገብቶ እንግዳ መስሎ ተቀምጧል።

እንግዲህ ይንገሩኝ። በእውነት ይከፍሉ ነበር? ከፍለው ከሆነስ ብሩ የት ሄደ? ወለዱንስ ባሌ ለምን ይከፍልልዎታል? መልሱን ይህን ላደረሰልዎ ለሹፌሩ ለናሲር ይስጡት። ለበዛብህ ግን እንዳይነግሩ።

ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና አንቱታ አላዘወትርም። እርስዎን አንቱ ያልኩት ከአክብሮት አይደለም፤ እንዳንቀራረብ ነው።

የምሥራች


ጅግጅጋ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየምሥራች

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ልጆች እንዴት ናቸው? ሙቀቱስ ጀመራችሁ? እዚህ ነፋስ ነው፤ አቧራው ሻይ ውስጥ እየገባ እንጠጣዋለን። ተሻለችንም ሰላም በይልኝ፤ ከእኔ ጋር ስትከራከር እንደ አንቺ አልቀናትም።

አንቱ አልሽኝ። አባዮ፣ እህቴ፣ ድሬ ውስጥ ከዳኛ በቀር አንቱ ያለኝ ሰው የለም፤ ደነገጥኩ። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ኢፍራህ ናት፤ እዚህ አስተማሪ ናት። እኔ አማርኛ እናገራለሁ እንጂ መጻፍ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ትቼዋለሁ። ያን «ገባ ወይ?» ያልኩትንም የጻፈችው እሷ ናት። ብር ባስገባሁ ቁጥር እንዲህ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ሌላ ነገር ተጽፎበት አያውቅም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ከፍያለሁ። ያን ጊዜ ባሌ ሞቶ ዓመቱ ነው፤ ያለኝን ሁሉ ያፈሰስኩበት ጨርቅ ጉምሩክ ተይዞብኛል፤ ቀረጡን ካልከፈልኩ ሊወረስ ነው። ባንክ ሄድኩ። «ከነወለዱ ፈርሚ» አሉኝ። ወለድ በእኛ ሐራም ነው፤ ወረቀቱን መልሼ ወጣሁ። ዛሬ በየባንኩ ከወለድ ነፃ የሚባል መስኮት አለ፤ ያን ጊዜ ለእኔ ብጤ የተከፈተ አልነበረም። በዛብህ ወረቀቴን የሚያስጨርስልኝ ትራንዚተር ነበር። «በእኔ ስም ይሁን፤ ዋናውን አንቺ መልሺ፣ የወለዱ ኃጢአት በእኔ ይሁን» አለ።

እኔ ደግሞ ብሬ ከወለዱ ብር ጋር እንዳይነካካ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ኪዳነ ምሕረት ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀና «እንግዲያው ያንቺን ለብቻ ማቆያ ሂሳብ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ እየቆየሁ እኔው ራሴ ወደ ዋናው ብድር አዞረዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አዞርከው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ሰውየው ሰው ነበር። አምና ሞተ፤ ባንኩም ተከተለው። ደረሰኞቼ ሁሉ ግን አሉ፤ የቀረኝ ዋና ጥቂት ነው።

ለምን እንዲህ ረዘመ ብትዪኝ፣ ኮሮና መጣ፣ ገበያው ተዘጋ፤ ቀጥሎ ዶላር ጠፋ። ሁለት ጊዜ አራዘምነው። በዛብህ ወለዱን ለምን ከፈለ ላልሽው ደግሞ፣ ደግ ሰው ስለሆነ ነው። ከዚያ በላይ እሱን ጠይቂው።

አባዮ፣ ቤትሽን አላህ ይጠብቅልሽ። ሳላስብ ሐሳብ ውስጥ ያስገባሁሽ እኔ ነኝና አፉ በይኝ።

ዳሃቦ
(በልጇ በኢፍራህ እጅ)


ድሬዳዋ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳሃቦ፣

አንቱታው ካስደነገጠሽ ትቼዋለሁ። አንቺም አባዮ አትበይኝ። ለእህትነት አልጻፍኩልሽም።

«ደግ ሰው ስለሆነ ነው» ትያለሽ። ይህን ደግ ሰው እስቲ አስተዋውቂኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አላገኘሁትም። ፍሪጃችን ተቃጥሎ በዚህ በድሬ ሙቀት ሁለት በጋ ሙሉ ከጎረቤት በረዶ ስለምን ደጉ ሰውዬ «ሥራ ቀዝቅዟል» ይለኝ ነበር። ልጃችን ዘርዓብሩክ ሲመረቅ የለበሰው ሱፍ የኪራይ ነው፤ ፎቶው ላይ እጅጌው ሲያጥረው ይታያል። እኔ ለፋሲካ ቀሚስ ተገዝቶልኝ የማያውቀውን ዓመት ልቁጠርልሽ? ኑሮ ተወደደ ሲለኝ አምኜው ከሽንኩርቱም ከዘይቱም ቀነስኩ። ለካስ ከወጥ የቀነስኩት ዘይት ላንቺ ወለድ ሆኖ ይሄድ ነበር።

ዓርብ ዕለት አብረን ባንክ ሄድን። ፋርሂያ የምትባል ልጅ ናት የያዘችን፤ ጨዋ ናት፣ ክፋት የላትም። ኮምፒውተሩን አዙራ አሳየችን። ያንቺ ብር አለ። አልጠፋም። ግን ሟቹ ኪዳነ ምሕረት አንዱንም አዙሮ አያውቅም፤ ሁሉም እዚያው ማቆያው ውስጥ እንደተጠራቀመ ባንኩ ተሸጠ። አዲሱ ባንክ የማን እንደሆነ ስላላወቀ ባለቤት የለሽ ገንዘብ ብሎ መዝግቦታል። ያንቺ ስም ብድሩ ውስጥ የለም፤ የብድሩ ቁጥር ማቆያው ላይ የለም። ደረሰኝሽ ብር ማስገባትሽን ያሳያል እንጂ ለማን ብድር እንዳስገባሽ አያሳይም።

መፍትሔው ይኸውልሽ። አቤቱታ እናስገባለን። አንቺ በአካል መጥተሽ «የከፈልኩት ለበዛብህ ብድር ነው» ትያለሽ። እሱ «አዎ» ይላል። እኔ ደግሞ ቤቱን ያስያዝኩ ሚስት ስለሆንኩ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ተስማምቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ። «ለምን እኔ?» አልኳት። «ነገ ደግሞ እርስዎ ተነሥተው እኔ የማላውቀው ውል ነው ብለው እንዳይከሱን ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

ብዕሩን ሰጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ በዛብህ «ቤቱ እኮ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ይሂድ» አልኩት። የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ ሁለታችንንም አየን፤ ሒሳቡን እንኳ ሳይቀበል ሊሄድ ነበር። ዳሃቦ፣ እኔ ተታለልኩ። ለእኔ የቀረችኝ አንድ እውነት ይህች ናት። አሁን ቤቴን ለማትረፍ አልተታለልኩም፣ አውቃለሁ፣ ፈቅጄ ነው ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል። ይህን ከምፈርም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሸራ ዘርግቼ ብኖር ይሻለኛል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አስቢልኝ። ሰው ወለድ የሚከፍለው በእጁ ለያዘው የሌላ ሰው ነገር ነው። በዛብህ በእጁ ያንቺ ምን ነገር ኖሮት ነው የሚከፍለው?

የምሥራች


ጅግጅጋ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየምሥራች

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለጾምሽ አደረሰሽ፤ እኛም ረመዳን ገብቶልናል። ዘንድሮ ጾማችን ገጥሟል፤ እናንተም ከሥጋ እኛም ከውኃ። በዚህ ሙቀት ደብዳቤ ስጽፍብሽ ስላደከምኩሽ ይቅርታ። ስለ ፍሪጁ ሰምቼ አዘንኩ። ስለ ዘርዓብሩክ ሱፍም አዘንኩ። ወላሂ አላውቅም ነበር።

አንቺ መፈረም የለብሽም። አስቤበታለሁ። ወርቅ አለኝ፤ የእናቴም የእኔም። ሸጬ ባንኩ አልተከፈለኝም የሚለውን ሁሉ እንደገና እከፍላለሁ። ማቆያው ውስጥ ያለው ይቅር፤ ባለቤት የለውም ካሉ አይኑረው። ቤትሽ ነፃ ይወጣል፤ አንቺም የማትፈልጊውን አትፈርሚም። ለናሲር ልስጠው ወይስ ልጅሽን ልከሽ ትወስጃለሽ?

ስለ ሌላው ጥያቄሽ፣ በዛብህ በእጁ የእኔ የሆነ ምንም ነገር የለውም። ሰላም ሁኚ። ልጆችሽን አላህ ያሳድግልሽ።

ዳሃቦ

ወይዘሮ የምሥራች፣ እኔ ኢፍራህ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህችን ከታች የጨመርኳት እናቴ ሳታውቅ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄዎን አነበብኩላት። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ስላት «ምንም የለውም ብለሽ ጻፊ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እኔ የታዘዝኩትን ጽፌያለሁ። ወርቁን ግን እባክዎ አይቀበሉ፤ ሌላ የላትም።


ድሬዳዋ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳሃቦ፣

ወርቅሽን ያዢ። ባሌ ወለድሽን ከፈለ፣ አንቺ ደግሞ ቤቴን በወርቅሽ ልታወጪ! ከዚያ በኋላ በየትኛው ክፍል ውስጥ ነው እኔ ተኝቼ የማድረው? ግድግዳው ሁሉ ዳሃቦ ዳሃቦ ሊለኝ ነው። አልፈልግም።

ተሻለች «አንቺ ሞኝ፣ ፈርሚና ቤቱን አትርፊ፤ ጠቡ የትም አይሄድ፣ ከፈረምሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ» ትለኛለች። እሷ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ ስለሆነም ያናድደኛል። በዛብህ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው። መጋረጃ ስለሌለ ፀሐዩ በማለዳ ይቀሰቅሰዋል፤ እሰይ። ስጠይቀው «ምንም የለም» ይላል። አንቺም «ምንም የለም» ትያለሽ። ሁለት ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ተማክረዋል። አልተማከራችሁም፤ ስልኩ በእጄ ነው። እውነትም አይደለም፤ ለምንም ነገር ዘጠኝ ዓመት ወለድ የሚከፍል ሰው የለም።

ይልቅ አንድ ነገር ገባኝ። ያንን ጥያቄ ልጅሽ እያነበበችልሽ፣ ልጅሽ እየጻፈችልሽ እንዴት አድርገሽ ትመልሺዋለሽ? እኔስ ለዘርዓብሩክ የማልነግረው ነገር የለኝም? ስለዚህ ኢፍራህን አስወጫትና ራስሽ ጻፊ። ፊደልሽ ቢንጋደድ፣ ቃሉ ቢጎድል ግድ የለኝም፤ አነበዋለሁ። የልጅሽ አማርኛ የተማረ ነው፣ ያምራል። የማምነው ግን ያንቺን ነው።

የምልሽን ስሚኝ። ባንኩ የሚለኝ «አውቃለሁ» ብለሽ ፈርሚ ነው። እኔ አላውቅም። በዐቢይ ጾም ሐሰት ላይ አልፈርምም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል። እንግዲህ ቤቴ እንዳይሸጥ ከፈለግሽ አሳውቂኝ። ደስ የሚለኝን አትፈልጊልኝ። ያለውን ጻፊ። አንቺም ጾም ላይ ነሽና በጾም አፍሽ አትዋሺኝም ብዬ አምኛለሁ። የሚያምመኝ ከሆነም እኔ ልመመው።

የምሥራች


ጅግጅጋ
መጋቢት 15

የምሥራች፣

ይህ የእኔ እጅ ነው። ኢፍራህ ልታስተምር ሄዳለች። ፊደሌ የልጅ ነው፤ አትሳቂ። ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጾም ነኝ። የምጽፈው ሐቅ ነው።

አባቴ የባቡር ዘበኛ ነበር። የበዛብህ አባት ቲኬት ቆራጭ። ግቢው አንድ ነው። አብረን አደግን። ስናድግ ላግባሽ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። አባቴ «ይስለም» አለ። የእሱ እናት ጥቁር ለበሰች፤ ልጄ ሞተ አለች። እሱ እናቱን አየና ቀረ። እኔን ለጅግጅጋ ሰው ዳሩኝ። እሱ አንቺን አገባ። ብዙ ዓመት ሰላምታም የለም።

ባሌ ሞተ። ድሬ ተመለስኩ። ጉምሩክ በር ላይ በዛብህን አየሁት። ሸብቷል። ዕቃዬን አስጨረሰልኝ። ከዚያ ብድሩ መጣ። ወለዱን እኔ እከፍላለሁ ሲል ለምን እንደሆነ ገባኝ። ለዚያ ለቀረው ጋብቻችን ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ አለኝ።

መጥፎ ነገር አልሠራንም። ወላሂ፣ አንድም ቀን። በወሩ መጀመሪያ ደረሰኝ ልናስተያይ ሱቅ ይመጣል። ቆሞ ነው። ሻይ ስለው አይጠጣም። «የምሥራች ምሳ ትጠብቀኛለች» ይላል። ሁልጊዜ ስምሽን ይላል። ስምሽን ጠላሁት።

አንቺ ለመጋረጃ ስትመጪ አወቅኩሽ። አስቀያሚ እንድትሆኚ ፈልጌ ነበር። አይደለሽም። ስትስቂ ጥርስሽ ያምራል። ዋጋ የቀነስኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። ቶሎ ውጪልኝ ብዬ ነው።

አሁን ትልቁን ልንገርሽ። ኮሮና ብዬ አስጽፌልሽ ነበር። ዶላር ብዬ አስጽፌልሽ ነበር። እውነት ነው ግን ሙሉ አይደለም። ብሩ ነበረኝ። ድሮ መጨረስ እችል ነበር። ጥቂት ጥቂት አደረግኩት። ካለቀ እሱ አይመጣም። እሱም አንድ ቀን ቶሎ ጨርሺ አላለኝም። ብድሩን ያራዘምነው ሁለታችን ነን። ሳንነጋገር። ከዘይትሽ የቀነስሽው ለዚህ ነው። ይህን ሳስብ አፍራለሁ። ወለድ አልነካም ብዬ ለአላህ እየተመጻደቅኩ የአንቺን ቤት በላሁ።

ጅግጅጋ የመጣሁት ለኢፍራህ ነው እላለሁ። ከእሱ ልሸሽ ነው። ሸሸሁ፣ ብድሩን ግን አልዘጋሁም።

አንቺ አሁን በእኔ ትቀኛለሽ። እኔ በአንቺ ዘጠኝ ዓመት ቀናሁ። የእኔ ቆሞ ነው የሄደው። ያንቺ ቁጭ ብሎ ምሳ በላ።

አልቋል። ሌላ የለኝም። ባትፈርሚ አልፈርድብሽም።

ዳሃቦ


ድሬዳዋ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳሃቦ፣

ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። መልሱን አሁን አልጽፍም፤ ስጀምር እጄ ስድብ ስድብ ይለዋል።

ኢድ ሙባረክ። ረስቼው አይደለም፤ ልልሽ አልፈለግኩም ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 6 ከሰዓት በፊት ባንክ ነይ። በዛብህ ይደውልልሻል፤ ከእኔ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ያን ቀን ሕማማት ይገባል። በሕማማት እኛ አንጨባበጥም፣ አንሳሳምም፣ ሰላምታ የለም። ቀኑን የመረጥኩት አውቄ ነው።

የምሥራች


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳሃቦ

ጤና ይስጥልኝ። ከፋሲካ በኋላ በእጅሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጤንነቴን ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። ፋሲካም ደህና አለፈ፤ በዛብህ ዶሮ ገዛ፣ ሳልጠይቀው ደግሞ ቀሚስ ጨመረበት። ቀለሙ አያምርም። ለብሼዋለሁ።

አንደኛ፣ የባንኩን ልንገርሽ። ፋርሂያ ትናንት ጠርታን ነበር። አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቷል። ማቆያው ውስጥ የነበረው ብር ሁሉ ወደ ዋናው ብድር ዞረ፤ ቅጣቱ ተነሣ፤ የሐራጅ ማስታወቂያ ከሚወጣባቸው ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ቤታችንን ሰረዙት። የቀረሽን ጥቂት ዋና ላኪና ይዘጋ። አደራሽን፣ በዚህኛው ጊዜ አትዘግዪ። የመጨረሻውን ወለድ እኔ ከፍያለሁ፣ በገዛ እጄ፣ ከዕቁቤ። በዛብህ ቦርሳውን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። ከእንግዲህ በአንቺ ስም እጁ ኪሱ እንዲገባ አልፈልግም።

ስለ ፊርማው ጠይቀሽኛል። ብዕሩን ሳነሣ አንቺም እሱም ፋርሂያም አየሩን የዋጣችሁት ይመስል ነበር። አውቃለሁ ብዬ ስፈርም የማውቀውን ነው የፈረምኩት፤ መቼ እንዳወቅኩ ማንም አልጠየቀኝም። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ብፈርም ኖሮ ቤቴን አትርፌ እኔ እጠፋ ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀን ቢጫ ድሪያ፣ ያን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር። አማረብሽ፤ ሁለት ቀን ተናደድኩ። ለወንድ አልለበስሽም፣ ያለሽን ነው የለበስሽው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናደድኩ። ደብዳቤሽንም ደግሜ ደግሜ ሳነበው የማለቅሰው ለእኔ ይሁን ላንቺ አይለይልኝም። አንዳንድ ቀን ያ ቆሞ የሄደው ይበልጥብኛል። ቁጭ ብሎ ምሳ የበላው ሰውዬ ልቡ የት እንደነበረ ልጠይቀው አስብና ደግሞ እተወዋለሁ። ባንክ ውስጥ ግን ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ አንቺን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየም፤ ሲያይ የነበረው የእኔን እጅ ነው። ደስ አለኝ። ያንቺ ፊት ሲጠቁርም አየሁ፤ ይህ ደግሞ ደስታዬን ቀነሰብኝ።

ሁለተኛው ወሬ ይበልጣል። በዛብህ ከባንኩ ስንመለስ ምድርና ሰማይ ይገለበጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። እኔ ምሳ አቀረብኩ። በነጋታውም ምሳ አቀረብኩ። አንድ ቃል አልጠየቅኩትም። ያን ሁሉ ቀን እምቢ ያለች ሴት እንዴት ዝም ብላ ፈረመች? ሊገባው አልቻለም። ሐሳቡ ሲያንገላታው ሰነበተና ባለፈው ሳምንት ናሲር ያንቺን ፖስታ ሲሰጠኝ በር ላይ ደረሰ። ተቀብዬው ወደ ጡቴ ሰደድኩት።

«ከማን ነው?» አለኝ።

«ከማውቀው ሰው» አልኩት።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታይ! ናሲርን መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ሻይ ጋብዞታል፤ ናሲር «አቦ፣ የሰው አደራ ነው፣ አላወራም» ብሎ መለሰው። ይህ ደግሞ ባሰበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፍራሹን ገልብጦ ሲፈልግ አገኘሁት። «ምን ጠፋብህ?» ስለው «ካልሲ» አለኝ። ደብዳቤዎችሽ ተሻለች ቤት ናቸው። ሶፋውን ትቶ ወደ አልጋው ተመልሷል፤ ፀሐዩ አስቸገረኝ ነው የሚለው። ሌሊት እያቃሰተ ይገላበጣል። ጉምሩክ ሥራ በዛ ሲል የኖረ ሰውዬ አሁን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሩን እየከፈተ «አለሽ?» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ልሄድ ኖሯል? ትናንት ፊቴን አየት አደረገና «ሽቶ ለወጥሽ እንዴ?» አለኝ። ሳሙና ነው የለወጥኩት።

አንቺን አይጠረጥርም። ዳሃቦ አማርኛ መጻፍ አትችልም ብሎ ያምናል። እኔም አላስተካክለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ብድሩ ቢዘጋም ጻፊልኝ። የምትነግሪኝ ነገር ካጣሽ ባዶውን ወረቀት አጥፈሽ ላኪ፤ እኔ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፣ እሱ ያየኛል።

የምሥራች